ከውጭ የተቀረቀረው የዳክዬ ቤት

አሮጊቷን ከዳክዬው ቤት ያወጧት እግሯን ይዘው በመጎተት ነበር፤ ቤቱ ለዳክዬ እንጂ ለሬሳ ተብሎ አልተሠራማ። ከወገብ የማያልፍ የሳንቃ ሣጥን ነው። ሸለምጥማጥ ቆፍሮ እንዳይገባ ወለሉ በቆርቆሮ ተለብጧል፣ ስንጥቁ ሁሉ ተደፍኗል። አየር የሚያገኘው ከጣሪያው ሥር ካለች መዳፍ ከምታህል የሽቦ መስኮት ብቻ ነው። መርማሪዋ ስትደርስ የአሮጊቷ ጥፍሮች ተሰባብረው፣ ፊቷ ጠቁሮ፣ አፏ እንደተከፈተ ቀርቶ አገኘቻት።

«አስም ነበረባት። ታፍና ነው የሞተችው» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ትናንት ከአመሻሽ ጀምሮ፣ ቀስ እያለች።»

ሃምሳ አለቃው የሟቿን ትንሿን ልጅ ቀድሞ በካቴና አስሯታል። «ነገሩ ያለቀ ነው፣ ኢንስፔክተር። በሩን ስትቀረቅር ወንድሟ በዓይኑ አይቷታል። ከምሳ በፊት ጣቢያ አስገባታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን እስር ቤት ትጨርሳለች።»

«ቁርስ በልተሃል?»

«ኧረ የት አባቴ!»

«ሂድና ብላ። የሚያስቸኩልህ ርሃብ ነው።»

ትንሿ፣ ሠላሳ ዓመት አልፏት ዛሬም ትንሿ የምትባለው ልብስ ሰፊ፣ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ካቴናውን ታያለች። አታለቅስም። ልቅሶው ገና አልደረሰላትም።

«ጠዋት ምን አየሽ?» አለቻት መርማሪዋ ከጎኗ ቁጭ ብላ።

«ዳክዬዎቹ ውጭ ነበሩ። ሰባት ነበሩን፣ ስድስት ሆነዋል። በሩ ግን ተቀርቅሯል። ምን ጉድ ነው ብዬ ከፈትኩት፤ ከዚያ እማዬ...»

«ዳክዬዎቹ ውጭ እንደነበሩ ሌላ ያየ ሰው አለ?»

«ማን ይኖራል? ወንድም ጋሼና ሚስቱ የመጡት ስጮህ ነው።»

«ማታስ እናትሽን አልፈለግሻትም?»

«ዶፍ እየወረደብኝ ነው ከሥራ የገባሁት። የወንድም ጋሼ ሚስት ‹እማዬ በጊዜ ተኝታለች፣ አትቀስቅሻት› አለችኝ። ዳክዬዎቹንም እማዬ ራሷ ያስገባቻቸው መሰለኝ።»

በሩን የሠራው ጎረቤት አናጢ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ ቀረበ። መቀርቀሪያው ሁለት ነው።

«የላይኛውን ሸለምጥማጥ በጥፍሩ ስቦ ይከፍተዋል፣ ሌባ ነው። ስለዚህ ከታች የብረት ካስማ ጨመርኩ። ገፍተው፣ ከዚያ አዙረው ነው የሚቆልፉት።»

«ነፋስ ሊቆልፈው ይችላል?»

«ነፋስ እጅ ካበቀለ።»

«መስኮቷ ላይ ጆንያ የጠቀጠቀውስ?»

አናጢው ቀና ብሎ አየና ደነገጠ። «ኧረ በፈጣሪ! እማማ ይችን መስኮት ማስነካት? ዳክዬን የሚገድለው ብርድ ሳይሆን የታፈነ እርጥበት ነው እያሉ ስንቴ ጮኸውብኛል!»

መርማሪዋ ጆንያውን መዘዘችው። ከላዩ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ከሥሩ ያለው ሳንቃ ግን ድርቅ ብሏል፣ አቧራው እንኳ አልረጠበም። ተንበርክካ ጭንቅላቷን በበሩ አስገባች። ገለባው ትናንት የተነጠፈ፣ ገና ቢጫ ነው። በእጇ እየገለበጠች እስከ ጥግ ድረስ ፈተሸችው። ከአጥሩ ሥር ደግሞ የአንድ ዳክዬ ጭንቅላት ጭቃ ውስጥ ወድቆ አየች። ሱሪዋ ጉልበቱ ድረስ ጨቀየ፤ ደንታም አልሰጣት።

ታላቅ ወንድምየው እዚሁ ግቢ ከሚስቱ ጋር እየኖረ በአጥሩ ማዶ ሦስት መቶ ዶሮ የሚያረባ፣ ሲናገር ደረቱን የሚነካ ሰው ነው።

«እህቴ የገባችው ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ነው። እኔ መስኮት ላይ ነበርኩ። ዳክዬዎቹ ዝናቡን ሸሽተው እየተጋፉ ገቡ፤ እሷም ተከትላ ሁለቱንም ቆለፈች። እማዬ ውስጥ ገለባ እያነጠፈች መሆኑን ታውቅ እንደሆነ ፈጣሪ ይፍረድ።»

«ዳክዬዎቹ በራሳቸው ገቡ?»

«ዝናብ እኮ ነው! ሞኝ ናቸው እንዴ?»

ይህን እያለ ሰማዩ እንደገና ፈነዳ። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ዶሮዎች እየተንጫጩ ወደ ጎጇቸው ሮጡ። ስድስቱ ዳክዬዎች ግን ከጋሪው ሥር ወጥተው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ ዝናቡ መሐል ቆሙ። የቤታቸው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ዞር ብሎ ያየው የለም። መርማሪዋ አየች። ወንድምየው እንባውን ስለሚጠርግ አላየም።

ሚስቱን ለብቻዋ ወጥ ቤት ጠየቀቻት። «ባልሽና አማትሽ በምን ነበር የማይስማሙት?»

«በጓሮው ነዋ። ለዶሮዎቹ ቤት ሊሠራበት ፈለገ። እሷ ‹እስክሞት የዳክዬ ነው› አለችው።»

እኩለ ቀን ላይ ትንሿን፣ ወንድሟን፣ ሚስቱንና አናጢውን በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው። ሃምሳ አለቃው አፉን እየጠረገ ከኋላ ቆመ።

«ካስማው በእጅ ነው የሚዞረው» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ ድንገተኛ አደጋ አይደለም። መስኮቷን የደፈነው ሰው ደግሞ ውስጥ ሰው እንዳለ ያውቃል፤ ዳክዬን ለማፈን ማን ይደክማል? አሁን ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰባት ዳክዬ የገባበት ቤት ጠዋት ኩስ በኩስ ይሆናል። ገለባው ላይ አንዲት ጠብታ የለም። አንዱን ደግሞ ሸለምጥማጥ ውጭ በልቶታል። ዳክዬዎቹ አልገቡም ማለት ነው።»

«ታዲያ እኔ ያየሁት ምንድን ነው?» አለ ወንድምየው።

«ምንም። ዝናብ ሸሽቶ የሚገባው ዶሮ ነው። ዳክዬ ዝናብ ሲያይ ይወጣል፤ ለማስገባት ከኋላው ሰው ይፈልጋል። እርስዎ የሚያውቁትን ዶሮ ዳክዬ አድርገው ነገሩኝ።»

«ተሳስቼ ይሆናላ! መሽቶ ነበር!»

«ይሁን። ጆንያው ሥር ያለው አቧራ ግን ደረቅ ነው። መስኮቷ የተደፈነችው ዝናቡ ሳይጀምር ነው። እህትዎ የገባችው ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ነው ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ከዚያ በፊት ግቢ ውስጥ የነበራችሁት ባልና ሚስት ናችሁ።» ወደ ሚስትየው ዞረች። «አማትሽ ተኝታለች ያለሽ ማን ነው?»

ሚስትየው ከንፈሯን ነከሰች። ባሏ አፈጠጠባት።

«እሱ ነው» አለች። «እኔ መኝታ ቤቷን ከፍቼ አላየሁም። እሱ ነው ያለኝ!»

ወንድምየው ደረቱን መንካት ተወ። ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

«ገለባ እያነጠፈች ቆለፍኩባት፤ ላስደነግጣት ነበር። ‹ጓሮውን እሺ በይኝና እከፍትልሻለሁ› አልኳት። እሺ አትልም! ግትር!»

«መስኮቷን ለምን ደፈንክ?» አለች መርማሪዋ፤ አንቱታውን እዚያው ጣለችው።

«ትጮሃለቻ!»

«ምን እያለች?»

ወደ እህቱ ዞሮ ፈገግ አለ፣ ጥርሱን ብቻ።

«አንቺን ነበር የምትጠራው። እናቴ፣ የወለደችኝ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አንድ ጊዜ እንኳ የኔን ስም አልጠራችም። አንቺ ስትገቢ የውጭውን በር ሰምታ በጆንያው ውስጥ ጮኸች። አንቺ ውኃሽን እያራገፍሽ አልፈሽ ገባሽ።»

«ውሰደው!» አለች መርማሪዋ። ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ከትንሿ እጅ ፈትቶ ለወንድምየው አጠለቀለት።

ትንሿ እጆቿን አላወረደችም፤ እንደታሰሩ ሁሉ አጣምራ ይዛቸዋለች።

«ነጻ ነሽ፣ እህቴ» አለቻት መርማሪዋ።

«ሰምቼ ነበር» አለች ትንሿ። «ዳክዬዎቹ መስለውኝ ነው።»