ደም አርጊው ቅጠል

ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ገበያ ጀርባ፣ ከደጋው ገረሴ ወርዳ የሽፈራው ቅጠል እየሸጠች ሦስት ልጆች ያሳደገች ልክነሽ የምትባል እናት ነበረች። ባሏ ገና በወጣትነቷ ሞተባት። መከራዋ ግን በዚህ መቼ አበቃ! የበኩር ልጇ አሞጽ በአሥር ዓመቱ ጥርሱን ተነቅሎ፣ ደሙ አልቆም ብሎ፣ በሦስተኛው ቀን እቅፏ ውስጥ አረፈ። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሮቲን በሰውነቱ ውስጥ አልነበረም። የመጨረሻ ልጇ ኢያኤልም ያው በሽታ ነበረበት። መድኃኒቱ አለ፤ ዋጋው ግን ለድሃ የሚቀመስ አልነበረም...

መካከለኛዋ አቢጋኤል የአሞጽን ደም በጨርቅ ስትጠርግ ስምንት ዓመቷ ነበር። "ይህን መድኃኒት እኔ እሠራዋለሁ" አለች፤ ቃሏንም አላጠፈችም። ተመራማሪ ሆነች። ፕሮቲኑን የሚያሠራውን የሰው ዘረመል ወደ ትምባሆ ተክል አስገብታ፣ ቅጠሉ ራሱ መድኃኒቱን እንዲያመርት ዘጠኝ ዓመት ለፋች። ስንት ጊዜ ከሸፈባት! በመጨረሻ ቅጠሉ ተጨምቆ ሲጣራ ፕሮቲኑ ተገኘ፤ አይጦችም ላይ ሠራ። በሰው ለመሞከር ፈቃድ ብቻ ቀረ። እንደ ጎመን የሚበቅል መድኃኒት! የድሃ ልጅ ሁሉ ሊድን ነው!

ተክሎቹን ውኃ የሚያጠጣው ኢያኤል ነበር። ከባድ ሥራ ስለማይችል እሷው አስቀጠረችው። ቁልፉን ከወንድሟ በቀር ለማን ታምናለች?

አንድ ሰኞ ጠዋት ተክሎቹ የሚያድጉበትን ግሪን ሃውስ በር ከፈተች። ተክሎቹ ከነሥራቸው ተነቅለው ተቃጥለዋል። የዘር ብልቃጦቹ የሉም። ኢያኤል ጥግ ላይ ቆሟል።

"ማን ነው?"

"እኔ ነኝ አቢዬ... ዘሩን ለአንድ የውጭ መድኃኒት ኩባንያ ሰጠሁ። ዕድሜህን ሙሉ መድኃኒት እንልክልሃለን አሉኝ። የቀረውን አቃጥለው አሉ።"

"አንድ ዓመት ብትታገሠኝስ?"

"ሁሌ አንድ ዓመት ትያለሽ! እኔ ግን ጉልበቴ ባበጠ ቁጥር ዛሬ ልሞት ነው እላለሁ!"

እያለቀሰች ወደ እናቷ ሮጠች። ልክነሽ ቅጠል እየሸመጠጠች ነበር፤ ቀና አላለችም።

"ነግሮኛል ልጄ... አንዱን ቀብሬያለሁ። ሁለተኛውን መቅበር አቃተኝ።"

እናቷም! ጠላት ቢያደርገው ጠላት ነው ትል ነበር፤ የገዛ እናትና ወንድም ሲክዱ ወዴት ይጮኻል?

ኩባንያው ዘሩን በስሙ አስመዘገበና ቆለፈበት። ውዱን መድኃኒት የሚሸጠው ራሱ ነውና ርካሹን ለምን ያውጣ? አቢጋኤል እንደገና ልጀምር ብትል "የሌላ ንብረት ነው" ተብላ ታገደች። ከቤተሰቧ ተቆራርጣ፣ አግብታ፣ ኢሳያስን ወለደች። በሽታውን እናት ሳይታይባት ተሸክማ ለወንድ ልጇ ልታወርስ ትችላለች፤ እሱም ወረሰው።

በሦስት ዓመቱ ከአልጋ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። ሆስፒታሉ መድኃኒቱ አልነበረውም። ከጠቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልክ አንስታ ደወለች።

"እማ፣ ኢያኤል ጋ መድኃኒት ካለ ላኩልኝ! ልጄ እየሞተብኝ ነው!"

ኩባንያው መላክ ካቆመ ስድስት ወር አልፎት ነበር። ኢያኤል ለክፉ ቀን ያስቀራትን አንዲት ብልቃጥ ይዞ በባጃጅ ወጣ፤ መንገዱ ሲዘጋበት ሮጠ። እንዲያ በዚያ ጉልበቱ! ሲደርስ የሕፃኑ ፊት በነጠላ ተሸፍኗል...

"እኔ ነኝ የገደልኩት!" ብሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ጉልበቱ ደም ቋጥሮ ዱባ አክሏል።

አቢጋኤል አጠገቡ ተንበረከከች። ከዚያ ብልቃጧን ከእጁ ወሰደች፤ መርፌ አዘጋጀች።

"ተይው እህቴ... አይገባኝም።"

"እጅህን ዘርጋ። ይቅር አላልኩህም፤ መቼ እንደምልህም አላውቅም። ግን ዛሬ ሌላ ሬሳ አልችልም።"

እንባዋ ክንዱ ላይ እየተንጠባጠበ ደም ሥሩን ፈልጋ ወጋችው።

ኢሳያስ በማግስቱ ተቀበረ። ያ ዘር ዛሬም በሩቅ አገር ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደተቆለፈ ነው። ዕጣ ፈንታ ምን ያህል ጨካኝ ነው! አንዲት ነፍስ ለማትረፍ ሲባል ስንት ነፍስ እንደተሰጠ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው...