ሐሙስ እንዳይቀር

ነገር በዓይን ይገባል ይባላል። የእሷ ግን የገባው በማታውቀው ሰው ዓይን ፎቶግራፍ በኩል ነው።

በዓይን ክሊኒኩ የምርምር ክፍል ምስል አንባቢ ናት። በካሜራ የተነሳውን የዓይን ውስጠኛ ክፍል በኮምፒውተር እያየች «ጤነኛ»፣ «ደም ፈሷል» እያለች ለጥናቱ ትመዘግባለች። ምስሉ በደንብ እንዲታይ ተብሎ ክፍሉ መስኮት የለውም። ጠዋት የገባች፣ ውጭ ዘንቦ ይሁን አባርቶ ሳታውቅ ማታ ትወጣለች። ከግድግዳው ወዲያ፣ በሌላ ጨለማ ክፍል፣ ያንኑ ምስል ሌላ አንባቢ ያነባል። ባልደረቦቹ «ጭምቱ» ይሉታል። ከገጠር ጤና ጣቢያ ከመጣ ዓመት አልሞላውም።

ሁለቱ መነጋገራቸው ክልክል ነው። አንዱ የሌላውን ሐሳብ ከሰማ የሁለት ሰው ንባብ መሆኑ ይቀራል። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ሕጉን ከማጥበቃቸው የተነሳ ምሳ እንኳ አብረው እንዳይበሉ አድርገዋል። የሚገናኙት ሐሙስ ብቻ ነው። ያልተስማሙባቸውን ምስሎች ይዘው፣ ዶክተሯ ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው ይከራከራሉ።

«ይቺ ደም ናት» አለች አንድ ሐሙስ።

«የካሜራው አቧራ ናት» አለ እሱ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «በፊተኛውም ሰውዬ ዓይን እዚችው ቦታ ላይ ነበረች። ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ አይደማም።»

ዶክተሯ ፈረዱለት። እሷ መሸነፍ እንደ ሬት የሚመራት ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ፈገግ እያለች ወደ ጨለማዋ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ሳምንቱ ለእሷ አንድ ቀን ብቻ ሆነ።

ችግሩ ሁለቱም ጎበዞች መሆናቸው ነው። እየተላመዱ ሲሄዱ ልዩነታቸው ጠፋ። አንድ ሐሙስ የሚያከራክር ምስል ታጣና ስብሰባው ቀረ። ቀጣዩም ቀረ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ብዥ ካሉት ምስሎች አንዱን መርጣ፣ ጤነኛ መሆኑን እያወቀች «ደም ፈሷል» ብላ መዘገበች። ለበሽተኛው አትጨነቁ፣ ሕክምናውን የሚወስነው ሌላ ሐኪም ነው። እሷም ራሷን ያጽናናችው እንዲሁ ብላ ነበር።

ሐሙስ ተገናኙ። ስምንት ዓመት ያነበበች ሰው ናትና ስትከራከር ዶክተሯ አመኗት። አሸነፈች። እሱ ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ ምስሉን ደግሞ አየው። ያኔ ማቆም ነበረባት፤ አላቆመችም። አንድ ብላ የጀመረችው አሥራ አንድ ደረሰ።

ከዚያ ከጥናቱ የውጭ አገር አጋሮች ደብዳቤ መጣ።

«ስምምነታችሁ ወርዷል» አሉ ዶክተሯ። «በዚህ ከቀጠለ ምስሎቹ እንደ ድሮው ውጭ አገር ሄደው ይነበባሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ የእኛን ሰው ዓይን ሌላ ሲያነብልን ኖርን። እኛ ፎቶ አንሺ ነበርን። እነዚህን ሁለት ክፍሎች ያቆምኩት በስንት ልመና ነው።» ወደ እሱ ዞሩ። «እስከ ወሩ መጨረሻ ካላሻሻልክ ወደ ጤና ጣቢያህ ትመለሳለህ።»

እሱ አልተከራከረም። ኮሪደሩ ላይ ግን ሕጉን ረስቶ አነጋገራት።

«ዓይኔን ተመረመርኩ» አላት። «ደህና ነው አሉኝ። እንግዲህ የጎደለው ጭንቅላቴ ነው።»

አንጀቷን በላው። እዚያው ልትነግረው ፈለገች፣ ግን ፈራች። ብትናገር ይጠላታል፣ ዝም ብትል ይሄዳል። ሳምንቱን ሙሉ ያ መስኮት የሌለው ክፍል አየር አጠራት። በር አለው፣ አልተቆለፈም፤ እሷ ግን በየት በኩል እንደምትወጣ ጠፋት። የምትወደውን ሰው በገዛ ዓይኑ እንዳይተማመን ያደረገችው እሷ ናት።

ሐሙስ ገብታ ሳትቀመጥ፣ የአሥራ አንዱን ምስሎች ቁጥር የጻፈችበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እነዚህን አውቄ ነው ያበላሸሁት። እሱ ትክክል ነበር።»

ዶክተሯ መነጽራቸውን አወለቁ። «ለምን?»

«ሐሙስ እንዳይቀር።»

ዶክተሯ እሷን አዩ፣ ከዚያ እሱን። እሱ ባዶውን ስክሪን ያያል።

«ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለ በመጨረሻ፣ ተነስቶም ወጣ።

«አሥራ አንድ ብቻ ነው ብዬ እንዴት ልመን?» አሉ ዶክተሯ። «ለዚህ ጥናት ያነበብሽው ስድስት መቶ ምስል በሙሉ በሌላ ሰው እንደ አዲስ ይነበባል። ለአጋሮቹም ሳልደብቅ እጽፋለሁ። ውርደቱን እንችለዋለን፣ ውሸቱን ግን አንችልም። አንቺ ከነገ ጀምሮ ካርድ ክፍል ነሽ።» በሩ ጋ ስትደርስ ጠሯት። «አንባቢ አይደለሽም። ስለዚህ ከማን ጋር እንደምታወሪ እኔን አያገባኝም።»

ግን የሚያወራት አልነበረም። ሁለት ወር ሙሉ የበሽተኛ ስም እየጻፈች፣ እሱ በመስኮቷ ፊት አንገቱን ደፍቶ ሲያልፍ አየች። ምስሎቹ እንደገና ተነበቡ፣ ጥናቱ ተረፈ፣ ክፍሎቹም አልተዘጉም። ይህን የሰማችው ከጽዳት ሠራተኛዋ ነው።

አንድ ጠዋት፣ ቀና ሳትል፣ «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አለች።

«ንዴት» አለ የምታውቀው ድምፅ። «ገና አልለቀቀኝም።»

እንደ ማንኛውም በሽተኛ ተሰልፎ ነው የመጣው። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አልፈርድብህም።»

«ልጄ፣ ካልታመምክ ለታመመ ልቀቅ» አሉት ከኋላው የቆሙ እናት።

«አንዴ ይታገሱኝ፣ እማማ።» ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ። «አዲሷ አንባቢ ጎበዝ ናት። በሁሉም ነገር እንስማማለን።»

«ጥሩ ነዋ» አለች፣ እስክሪብቶዋን መልሳ እያነሳች።

«ጥሩ ነው። ምሳ ሰዓት በሩ ጋ እጠብቅሻለሁ። ብዙ የምወቅስሽ ነገር አለኝ፣ በአንድ ምሳ የሚያልቅ አይደለም።»

«ስንት ምሳ ይፈጃል?»

«እኔ እንጃ» አለ፣ ለእናትየዋ ቦታ እየለቀቀ። «ዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል።»