የጥገና ባለሙያዋ የላፕቶፑን ማብሪያ ለሦስተኛ ጊዜ ተጫነችው። ማራገቢያው ትንሽ አጉረመረመ፣ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ከላይ ጥጉ ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

«እንዲህ የሆነው መቼ ነው?»

«ትናንት ከሰዓት» አለች እናትየው። «መሥሪያ ቤቴ ፋይል የሚቆልፍ ፕሮግራም ላከልን። ላፕቶፑ ቢሰረቅ እንኳ ያለ ፓስወርድ ማንም ሰነዶቹን እንዳያነባቸው ነው። እኔ ለዚህ ነገር እጄ አይታዘዝልኝም፤ ለኢንጂነሬ ሰጠኋት።»

ኢንጂነሯ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጇ ናት። የጎረቤቱ ስልክ በተበላሸ ቁጥር የምትጠራው እሷ ስለሆነች ስሙ ወጣላት፤ እስከ ትናንት ድረስ ሲጠሯት ደስ ይላት ነበር። አሁን ባንኮኒው ጥግ ቆማ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ከትናንት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም።

ፕሮግራሙ የመጣው ከአንድ ገጽ መመሪያ ጋር ነበር። የመጀመሪያው መስመር በደማቁ ተጽፏል፦ ከመቆለፍዎ በፊት ፋይሎቹን በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። እሷም ጀምራ ነበር። ግን ስክሪኑ «ሁለት ሰዓት ተኩል ይቀራል» አለ፤ ጓደኞቿ ደግሞ ጌም ሊጀምሩ እሷን እየጠበቁ ስልኳን በመልእክት ያንጫጩታል። «ይሄማ ለፋራ ነው» ብላ ገና ምንም ሳይገለበጥ አቋረጠችው። እናቷ ከጓዳ «ኮፒ አደረግሽው?» ስትላት «አዎ እማዬ፣ አልቋል» አለቻት፣ ቀና እንኳ ሳትል። ከዚያ ፕሮግራሙን ጫነች። ላፕቶፑ ጠፍቶ ልነሣ አለ፤ ጠፋ፤ በዚያው ቀረ።

እናቷ የፍርድ ቤት ሰነድ ተርጓሚ ናት። ላፕቶፑ ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ አለ፤ ልጇን ለማስመለስ የምትሟገት የአንዲት ሴት ማስረጃ። እናቷ ሦስት ወር ሙሉ አንገቷን እያሸች ተርጉማዋለች። ሰኞ ጠዋት ለችሎት ይቀርባል። ካልቀረበ ቀጠሮው ለስንት ወር እንደሚገፋ ማንም አያውቅም። ዛሬ ቅዳሜ ነው።

«እሺ» አለች ባለሙያዋ፣ ፀጉሯ ውስጥ የሰካችውን ጠመንጃ መፍቻ አውጥታ ባንኮኒው ላይ እያስቀመጠች። «አጭሩ መንገድ ፎርማት ማድረግ ነው። ያለውን ሁሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ እጭንልዎታለሁ፤ ከምሳ በፊት ይወስዱታል። ኮፒው አለ አይደል?»

«አለ» አለች እናትየው ሳታመነታ። «ልጄ አድርጋዋለች።»

ልጅቷ ክው አለች። ባንኮኒውን ያዘች።

ግን ደግሞ ሌላ ሐሳብ ነበራት፤ ትናንት አልጋዋ ላይ ስትገላበጥ ያገኘችው ሐሳብ። ኮፒው ሊቀመጥበት የነበረው ውጫዊ ዲስክ ቤት መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። እንደ ድንገት ብትጥለውስ? ከፎቁ ደረጃ አንድ ጊዜ ቢወድቅ ማን ያውቃል፣ ውስጡ ባዶ እንደነበረ? እናቷ ታለቅሳለች እንጂ በእሷ ላይ አትቆጣም። «ዕድሌ ነው» ትላለች።

ባለሙያዋ ፍላሽ ሰካች። ስክሪኑ በራ። «ሁሉም ነገር ይጠፋል፤ ይቀጥል?» ይላል።

«ቆይ» አለች ልጅቷ። ባለሙያዋ አልሰማቻትም።

የባለሙያዋ ጣት ወደ ቁልፉ ሄደ።

ልጅቷ እጇን ዘርግታ ኪቦርዱን ሸፈነችው። «የለም» አለች። «ኮፒ የለም።»

እናትየው ወደ ልጇ ዞረች።

«አልቋል አላልሽኝም?»

«ዋሽቼሽ ነው እማዬ። ሰዓቱ ረዘመብኝና አቋረጥኩት።»

ብትጮህባት ይሻላት ነበር። እናቷ ግን ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው።

ባለሙያዋ ፍላሹን ነቀለች። «መቆለፉ ስንት ፐርሰንት ደርሶ ነበር?»

«አልጀመረም። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ልሞክር ብሎ ላፕቶፑን አጥፍቶ ላስነሣ አለ፤ ከዚያ አልተነሣም።»

«እርግጠኛ ነሽ? አሁን ከዋሸሽኝ እንሳሳታለን።»

«እርግጠኛ ነኝ። መመሪያው ይኸው።» ከቦርሳዋ የተጨማደደ ወረቀት አውጥታ ሰጠቻት።

ባለሙያዋ በጥሞና አነበበችው። «እንግዲያው ፋይሎቹ ሳይቆለፉ ሊገኙ ይችላሉ። ሊገኙ ይችላሉ ነው ያልኩት። ዲስኩን ፈትቼ በሌላ ኮምፒውተር አየዋለሁ፤ ሌላውን ነገር ሳልነካካ መጀመሪያ እንዳለ ኮፒ አደርገዋለሁ።»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለች ልጅቷ፣ መልሱን እየፈራች።

«ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ምናልባት ከዚያም በላይ።»

ብሎኖቹ አንድ በአንድ ተፈቱ። ዲስኩ ወጣ፤ ትንሽ ነገር ነው፣ ሦስት ወር የያዘ አይመስልም። በትልቁ ስክሪን ላይ አረንጓዴ መስመር ብቅ አለች። አንድ ፐርሰንት።

እናትየው ስልኳን አወጣች። ትናንት ማታ ለክፍል ኃላፊዋ «ኮፒ አለን፣ አይስጉ» ስትል ልጅቷ በጆሮዋ ሰምታለች። አሁን እናቷ ቁጥሩን አውጥታ ታየዋለች።

«ምን ብዬ ነው የምነግራቸው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ልጅቷ ከባንኮኒው ተላቃ መጣች። እጇን ዘረጋች።

«እኔ ልንገራቸው።»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ የመደወያውን ምልክት ነካችና ስልኩን ሰጠቻት። አንድ ጊዜ ጠራ። ሁለቴ። አራተኛው ላይ አንድ ወፍራም ድምፅ «አቤት» አለ።

«ልጃቸው ነኝ» አለች። «ስለ ኮፒው ነው የደወልኩት።»