ገልብጣችሁ እዩት

ክብሪት ተሰፍተው ካለቁት ቦርሳዎች ላይ የተንጠለጠሉትን የክር ጭራዎች በትንሿ መቀስ እየቆረጠች ነበር። ራስ የሚያስጨንቅ ሥራ አይደለም፤ ቦርሳውን ጭን ላይ አድርጎ ዙሪያውን በጣት መዳሰስ፣ ክር ከተገኘ ቆረጥ አድርጎ መጣል ነው። አጠገቧ እናቷ ጎንበስ ብላ የስፌት መኪናዋን ታስጮኸዋለች። ስልኩ የክር ጥቅሎቹን ተደግፎ ቆሟል። መኪናው ሲያርፍ ስልኩ ይቀበላል፤ ከዚህ ቤት ጸጥታ ከወጣ ሰንብቷል።

ክብሪት ያላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ «ቀጭን ነሽ፣ ጫር ሲያደርጉሽ ቦግ ትያለሽ» ብሎ። እሷም ብድሯን ሳትመልስ አልቀረችም። ግሩፑን ከከፈቱ ጀምሮ «እኔ እንደ ማናጀር» ማለት ስላበዛ ማናጀሩ ብላ አስቀረችው።

ግሩፑ የእናታቸውን ቦርሳዎች በስልክ የሚሸጡበት ግሩፕ ነው። ቦርሳው «ጀርባ» ይባላል። ማናጀሩ ፎቶ ያነሳል፣ ትዕዛዝ ይቀበላል፤ ግሩፑን ሰው የሚኖርበት ቤት ያደረገችው ግን ክብሪት ናት። አዲስ ሰው ሲገባ እንደ ሌሎቹ ሱቆች ያንኑ «እንኳን ደህና መጡ» ደጋግማ አትለጥፍም፤ ለእያንዳንዱ ለብቻው ትጽፍለታለች። ዓርብ ዓርብ «የቦርሳ ፍተሻ» አለ፤ አባላቱ ቦርሳቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፈው ያለውን እንዳለ ፎቶ ያነሳሉ። የተገመጠ ብስኩት፣ ጥንዱ የጠፋ ካልሲ፣ የወንድም መነጽር። ሰው ለዚህ ሲል ብቻ ዓርብን ይጠብቃል። «እዚህ ደንበኛ የለም፤ እዚህ ቤተሰብ ነው» የሚለውም የእሷ ጽሑፍ ነው።

ስልኩ ጮኸ። የጻፈችው «ወፊቱ» የምትባል ልጅ ነበረች።

«የቦርሳዬ ማንገቻ ተነቀለ። ደብተሮቼ ጭቃ ውስጥ ወደቁ። ምን ላድርግ?»

ከሥሩ ፎቶ አለ፤ አፉን የከፈተ ቦርሳና እንደ ሞተ እባብ የተጋደመ ማንገቻ። ክብሪት ወፊቱን ታስታውሳታለች። በአንድ ፍተሻ ከደብተሮቿ መሐል አንድ ቲማቲም ተገኝቶ ነበር። «ቲማቲሙ የስንተኛ ክፍል ተማሪ ነው?» ብላ ክብሪት ስትጠይቃት፣ «እናቴ ገዝተሽ ነይ ብላኝ ረስቼው ክፍል ይዤው ገባሁ» አለች። ግሩፑ በሳቅ ፈረሰ።

«አይዞሽ፣ አምጪውና...» ብላ መጻፍ ጀመረች። ሌሎቹ ቀደሟት።

«ምን ጭነሽበት ነው? ድንጋይ?»

«የእኔ ይኸው ዓመቱ፣ ንክች አላለም። አያያዝ ነው!»

«ድንጋይ ጫኚዋ!»

«የራሷ ፎቶ እንኳ የላትም እኮ። የተላከች ሰላይ ናት።»

ከዚያ ማናጀሩ ራሱ ገባ። «ውድ ቤተሰቦቻችን፣ ድንጋይ የሚወረወረው ፍሬ ባለው ዛፍ ላይ ነው። ምቀኞች አይጠፉም። እኛ ግን ወደፊት!» የልብ ምልክት እንደ ዝናብ ወረደ። ወዲያው ፎቶው ጠፋ፤ ወፊቱም ከግሩፑ ተወገደች። የክብሪት «አይዞሽ» ባለቤት አጥቶ የመጻፊያው ሳጥን ውስጥ ቀረ።

ጆሮዋ ጋለ። ጭኗ ላይ የነበረውን ቦርሳ ገለበጠችው።

«እማዬ።»

«ወዬ።»

«መስቀለኛው የታለ?»

መኪናው ቆመ።

ይህን ስፌት ክብሪት ከልጅነቷ ታውቀዋለች። ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የሚገናኝበት ቦታ በአራት ማዕዘን ይሰፋል፤ ከዚያ ሁለት መስመር መሐሉን በመስቀለኛ ያቋርጠዋል። ሸክሙን የሚይዘው እሱ ነው። አሁን የሚታየው ግን አንድ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው። ሌላ ቦርሳ አንስታ ገለበጠች። ያም ያው።

«ወንድምሽ ነው» አለች እናቷ፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳትነቅል። «ያ የቦርሳችን ቪዲዮ በሰው ስልክ ከዞረ ወዲህ ትዕዛዙ በላይ በላዩ ሆነ። ‹ከውስጥ ነው፣ ማን ያየዋል፣ ለጊዜው ተይው› አለኝ። እኔም ለጊዜው ነው ብዬ...»

«አንቺስ እሺ አልሽ?»

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።»

«ልጅቷ ሰላይ ተብላለች እኮ! ደብተሯ ጭቃ ገብቶ!»

«ሰማሁሽ። ጎረቤትም ሰማሽ።»

በሩ ተከፈተና ማናጀሩ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሐል ቀርቅሮ ገባ። «እሺ ጌታዬ... ምንም ችግር የለም... ወሬ ነው፣ ወሬ!» ዘጋውና ፈገግ አለ። «የመጽሐፍ መደብሩ ሰውዬ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት የሚሸጠውን ቦርሳ በሙሉ ከእኛ ሊወስድ ነው። ግሩፑ ውስጥ አለ፣ ሁሉንም ያያል። ይህ ከተሳካ እማዬ የሰው ሱሪ ማሳጠር ድሮ ቀረ!»

«ልጅቷን ለምን አስወጣሃት?»

«ክብሪት፣ አትጀምሪ።»

«ምቀኛ አልካት!»

«እሷን መቼ አልኩ? ‹ምቀኞች አይጠፉም› ነው ያልኩት። በጥቅሉ።»

«በጥቅሉ!»

«ስሚኝማ። ቤተሰብ ነን ብለሽ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽ? ቤተሰብ ገመናውን አደባባይ ያወጣል? በውስጥ አናግሬ አዲስ ቦርሳ እሰጣታለሁ፤ አለቀ። አንቺ ደግሞ ነገ ሁለት መስመር ትጽፊያለሽ። የሚሰሙት አንቺን ነው።»

ሁለቱን መስመር እሱው ጽፎ ኖሯል፤ ስልኳ ላይ ላከላት። «ውድ ቤተሰቦቼ፣ የጀርባ ስፌት እንደ ዓለት የጸና ነው። ወሬ አይበጥሰውም። የእናንተው ክብሪት።»

«ስሜን ሳይቀር ጻፍክልኝ?»

«አያምርም?»

ወደ እናቷ ዞረች፤ አንድ ቃል ብትል ብላ። እናቷ ፔዳሉን ረገጠች፤ መኪናው ቃላቱን ሁሉ ዋጠ።

በማግስቱ ጠዋት ራዲዮ የክፍሉ በር ላይ ጠበቀቻት። ራዲዮ አብራት የምትቀመጥ ጓደኛዋ ናት። ስሙን ያወጡላት መምህራን ናቸው፤ ማጥፊያ የላትም ብለው። ጀርባ ቦርሳ ከትከሻዋ አይወርድም፤ በግሩፑም ከእሷ በላይ የሚጽፍ የለም።

«አየሽልኝ?» ስልኳን አፍንጫዋ ሥር ደቀነችላት። ስቲከር ነበር፤ ቋጥኝ አዝላ የጎበጠች ወፍ። «እኔ ነኝ የሠራሁት! ሰው ሁሉ እየተቀባበለው ነው። ጓደኛዬ ጀግና ናት በይ እንጂ!»

ክብሪት ስልኩን ከፊቷ ገፋ አደረገችው።

«ገና ምን አይተሽ! አንዱ ማን እንደሆነች ደርሶባታል። ሰባተኛ ክፍል ናት፣ ከድልድዩ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት። ገጿ ድረስ ሄደን በስድብ አጥለቀለቅናት። አሁን ፈርታ ዘግታዋለች።»

«ማን ላከሽ?»

«ማንም! ለእናንተ ብዬ ነዋ! እናትሽ የለፋችበትን ስም መጥታ ስታጠፋ ዝም ልበል? ቤተሰብ አይደለንም?»

ራዲዮ ክፋት የማያውቃት ልጅ ናት፤ ከተቀጣ ተማሪ ጋር አብራ የምታለቅስ። ያን ሁሉ የረጨችው ከፍቅር ነው። ክፉን ሰው ሰድበው ይገላገሉታል፤ ይህን ግን ምን ይሉታል? በዚያ ላይ «ቤተሰብ» የሚለውን ቃል በእጇ ያስያዘቻት ራሷ ክብሪት ናት። ንዴቱ የሚወጣበት በር አጣ።

«ቦርሳሽን ስጪኝ።»

«ለምን?»

«ስጪኝ አልኩሽ!»

ነጠቀቻት። ደብተሮቹን ዴስኩ ላይ ዘርግፋ ቦርሳውን ገለበጠችው። «ይህ መስመር ይታይሻል? ማንገቻሽን የያዘው እሱ ብቻ ነው። ሌላ ምንም የለም።» ቦርሳውን በጉልበቷ ይዛ ማንገቻውን በሁለት እጇ ሳበችው። ክሩ ጥርርር ብሎ ተተረተረ። ማንገቻው እጇ ላይ ቀረ።

የክፍሉ ልጆች ዞረው አዩ።

«ቦርሳዬን!» አለች ራዲዮ። «ቀደድሽው!»

«ምን ጭነሽበት ነው?» አለች ክብሪት። «ድንጋይ?»

ራዲዮ የተነቀለውን ማንገቻ አየች። ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ክብሪት ይቀለኛል ብላ የጠበቀችው ነገር አልመጣም። በእጇ ያለው የተቀደደ የጓደኛዋ ቦርሳ ነው፤ ሌላ ምንም።

«እወስደውና እሰፋዋለሁ» አለች፣ ድምፅዋ ለራሷም ሻክሮባት። ራዲዮ ፊቷን አዞረች። ሲለቀቁ ደብተሮቿን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ ሄደች።

ክብሪት የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ለወፊቱ በውስጥ ጻፈችላት። «ክብሪት ነኝ። ያልሽው እውነት ነው፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ይቅርታ። አዲስ ቦርሳ አመጣልሻለሁ፣ ቀለሙን ምረጪ።» ማናጀሩ ካሰበው ብዙ እንዳልራቀች ታውቃለች። ግን ይቅርታው ከልቧ ነው፤ ምናልባት ይበቃል።

መልሱ የገባው ቤት ደጃፍ ስትደርስ ነው።

«ቦርሳውን አልፈልገውም።»

ቀጥሎ ሌላ መጣ። «ክፍል ውስጥ ድንጋይ እያሉ ነው የሚጠሩኝ። የሰደባችሁኝ ሰው ሁሉ ፊት ነው። ይቅርታ የምትይኝ ግን ለብቻዬ ነው።»

ክብሪት በሩን ሳትከፍት ብዙ ቆመች። ደግማ አነበበችው። ፊቷ ጥፊ እንደ ቀመሰ አቃጠላት።

ማናጀሩ አልነበረም፤ ናሙና ይዞ መጽሐፍ መደብር ሄዷል። እናቷ ሸራ እየቆረጠች ነበር። ክብሪት የራዲዮን ቦርሳና የራሷን አሮጌ ቦርሳ ገልብጣ ጎን ለጎን አስቀመጠች፤ አንዱ መስቀለኛ አለው፣ አንዱ የለውም። ፎቶ አነሳች። ከዚያ አውራ ጣቷ ስልኩን ሊበሳው እስኪደርስ መጻፍ ጀመረች።

«ምን እየጻፍሽ ነው?» አለች እናቷ።

«ሊጻፍ የሚገባውን።»

«አንብቢልኝ።»

አነበበችላት። «ወፊቱ አልዋሸችም። የዋሸነው እኛ ነን። ወንድሜ ትዕዛዝ ለማድረስ ብሎ ስፌቱን አስቀረው፤ ከዚያ እሷኑ አባረራት። እናንተም እንደ ውሻ ተከተላችኋት...»

እናቷ መቀሱን አስቀመጠች። «ወንድምሽን ከጽሑፉ አውጪው።»

«ለምን? እሱ አይደል እንዴ...»

«የሰፋሁት እኔ ነኝ። እሱ ቢለኝ እሺ ያልኩት እኔ፤ እጁም የእኔ ነው። ይህንን ጻፊ።» መቀሱን መልሳ አነሳችና፣ «‹እንደ ውሻ› የሚለውንም አውጪ።»

«እሱ ይቆያል።»

«ክብሪት።»

«...እሺ። ውሻው ይውጣ። ‹ተከተላችኋት› ግን አይወጣም።»

«ይሁን።»

ክብሪት አጠፋች፣ ደግማ ጻፈች። መላኪያው ላይ ጣቷ ቆመ። «መጽሐፍ መደብሩስ?»

እናቷ የተቆረጠውን ሸራ አጥፋ ደራረበች። «ሱሪ ማሳጠር አልረሳሁም» አለች።

ክብሪት ላከችው።

«ወፊቱ እውነቷን ነው። በችኮላ በሰፋናቸው ቦርሳዎች ላይ ከውስጥ የሚደረገው መስቀለኛ ስፌት ቀርቷል። የሰፋችው እናቴ ናት፤ ‹እኔ ነኝ በይ› ብላኛለች። ወፊቱን ከዚህ አስወጣናት፣ እናንተም ተከተላችኋት፣ እኔ ደግሞ እያየሁ ዝም አልኩ። ሁላችሁም ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ቦርሳችሁን ገልብጣችሁ እዩት። አንድ መስመር ብቻ ከሆነ አምጡት፣ እንሰፋዋለን። የወፏን ስቲከር የማይደመስስ ካለ ግን ይውጣልን።»

አንድ ሰው ከግሩፑ ወጣ። ሌላም ተከተለ። «እኛን ነው የምትሰድቢው?» የሚል መጣ፤ «እናንተም እንደ ሌላው ናችሁ ለካ» የሚል መጣ። ከዚያ ጽሑፍ የሌለው አንድ ፎቶ፦ የተገለበጠ ቦርሳ፣ አንድ ቀጥ ያለ መስመር። ክብሪት ወፊቱን መልሳ ለማስገባት ግብዣ ላከችላት። ወፊቱ አየችው፤ አልገባችም። ክብሪትም አልለመነቻትም።

ስልኩ መጮህ ጀመረ። ማናጀሩ ነው።

«አታነሺውም?» አለች እናቷ።

«አነሳዋለሁ። ይህን ልጨርስ።»

እናቷ ከመኪናው ተነሥታ ቦታውን ለቀቀችላት። ክብሪት የራዲዮን ቦርሳ መርፌው ሥር አስገባች። የመጀመሪያው መስመር ትንሽ ጠመም አለ። ፈትታ ደገመችው። አራቱን ማዕዘን ዞረች፤ ከጥግ ወደ ጥግ አቋረጠች፤ ተመልሳ በሌላው አቋረጠች። ስልኩ አረፈ። እንደገና ጮኸ። ክሩን ቋጠረች፣ ቆረጠች፤ ማንገቻውን በሁለት እጇ ይዛ ባለ በሌለ ኃይሏ ሳበችው። ንቅንቅ አላለም። ቦርሳውን ወደ ውጪ ገልብጣ ነገ ለራዲዮ እንድትወስድላት አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ አስቀመጠችውና እጇን ወደ ስልኩ ዘረጋች።