በክር የታሰረው ዛጎል

ልጆች፣ ቀረብ ቀረብ በሉ። የዛሬዋ ልጅ ፍንጭት ትባላለች። ስሙን ያወጡላት የፊት ጥርሶቿ ናቸው፤ በመሃላቸው እርሳስ ያሳልፋሉ። ዕድሜዋ አሥር ዓመት ነው። ከእናቷ፣ ከአያቷና ገና ካልዳሁ መንታ ወንድሞቿ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። አባቷ ለሥራ ርቆ ሄዷል።

እናቷ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። የስፌት መኪናው ዝም ሲል መንታዎቹ ይጮኻሉ፤ መንታዎቹ ዝም ሲሉ መኪናው ይጮኻል። በዚያ ቤት ያልደከመው ሰው አልነበረም።

አያቷ ድሮ የመርከብ መካኒክ ነበሩ። ከባሕሩ ከተሰናበቱ ወዲህ ሳሎኑ ጥግ ላይ የመስታወት ገንዳ አላቸው። ገንዳው ውስጥ ጨዋማ ውሃ አለ፤ ከታች አሸዋ፣ አሸዋው ውስጥ ደግሞ ሦስት ዛጎሎች። ባዶ እንዳይመስሏችሁ! እያንዳንዱ ሁለት ክዳን አለው፤ በክዳኖቹ መሃል ነፍስ ያለው ለስላሳ እንስሳ ይኖራል። ደስ ሲለው ክዳኑን ገርበብ ያደርግና ትንሽ ቧንቧ ብቅ ያደርጋል። በቧንቧው ውሃ ይስባል፤ ውሃው ውስጥ ያለችውን ደቃቅ ምግብ ያስቀርና ውሃውን መልሶ ይተፋል። ሲነኩት ክዳኑን ግጥም!

አንድ ቀን አያቷ ለጉልበታቸው ቀዶ ሕክምና ስምንት ቀን ሆስፒታል ሊተኙ ሆነ። ከመሄዳቸው በፊት ፍንጭትን ገንዳው አጠገብ አስቀመጧት።

«ውሃው በየቀኑ ይተናል» አሏት። «ጨው ግን አይተንም፣ እዚያው ይቀራል። ውሃው በጎደለ ቁጥር ጨው ይበረታባቸዋል። ስለዚህ በየቀኑ ጨው የሌለበት የተጣራ ውሃ እስከዚህ ምልክት ትሞያለሽ። ከዚህ ጠርሙስ ደግሞ አረንጓዴውን ምግብ አንድ ማንኪያ። ትችያለሽ?»

«ይቺማ ምን አላት አባባ!»

የተጣራው ውሃ ግን ምድር ቤት በርሜል ውስጥ ነበር። ሊፍት የለም። ደረጃው ሰባ ሁለት ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ፍንጭት እየዘፈነች ወጣች። በሁለተኛው ቀን ዝም ብላ ወጣች። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ እግሯ ዝሎ ነበር። አንዱን መንታ አዘለች፣ ሌላውን በእግሯ አወዛወዘች፣ ከእናቷ ስፌት የወደቁ የልብስ ቁልፎችን ለቀመች። ከዚያ የውሃውን ጆግ አየችው።

«ነገ ሁለት ጆግ አመጣለሁ» አለች።

በነጋታውም «ነገ» አለች። በአምስተኛውም ቀን እንዲሁ።

ልጆች፣ ድካም ኃጢአት አይደለም። «እማዬ፣ ደከመኝ፣ አግዢኝ» ብትል ኖሮ ታሪካችን እዚህ ያልቅ ነበር። ግን አላለችም። አያቷ በየቀኑ ከሰዓት ይደውላሉ።

«ዛጎሎቼ እንዴት ዋሉ?»

«ደህና ናቸው አባባ። ቧንቧቸውን አውጥተዋል።»

«ተባረኪ። አንቺ ስላለሽ ሐሳብ የለብኝም።»

ስልኩን ስትዘጋ ጆሮዋ ይግላል።

በስድስተኛው ቀን ገንዳውን ጠጋ ብላ አየች። ውሃው አራት ጣት ጎድሏል። ትልቁና መካከለኛው ዛጎል ክዳናቸውን ጥርቅም አድርገዋል። ትንሹ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። በማንኪያ ነካችው። አልተዘጋም። እንደገና ነካችው።

«ተዘጋ! እባክህ ተዘጋ!»

ትንሹ ሞቷል። እናቷ ስፌት መኪናው ላይ ደገፍ ብላ እንቅልፍ ወስዷታል። ፍንጭት ከመሳቢያው ነጭ ክር መዘዘች። ሁለቱን ክዳኖች ገጥማ አሰረቻቸውና አሸዋው ውስጥ ቀበረችው። ከዚያ ሮጣ ወርዳ ውሃ አመጣችና እስከ ምልክቱ ሞላች። ሲያዩት ሁሉም ነገር ልክ ሆነ።

ሲያዩት ብቻ።

በስምንተኛው ቀን አያቷ መጡ። በክራንች፣ በየፎቁ እያረፉ ነበር የወጡት። ጃኬታቸውን ሳያወልቁ ገንዳው ፊት ተቀመጡ። ውሃው ደፍርሷል።

«ይሸታል» አሉ ቀስ ብለው። «ጥፋቱ የኔ ነው። የገንዳው ውሃ ማጣሪያ እንዳረጀ እያወቅሁ ሳልቀይረው ሄድኩ።»

ፍንጭት መሬት መሬት አየች። አያቷ ባልዲ አነሱ፤ በሌላው እጃቸው ክራንቹን ይዘው ወደ በሩ አዘገሙ። አዲስ ውሃ ለማምጣት ያን ሁሉ ደረጃ ሊወርዱ ነው! የታሰረው እግራቸው ሲንቀጠቀጥ አየች።

«አባባ፣ አይውረዱ!» ብላ ባልዲውን ያዘች። «ማጣሪያው አይደለም። እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ውሃ አልጨመርኩም። ትንሹ ሞተ። እንዳያዩት በክር አሰርኩት… በስልክም ዋሸሁዎት።»

አያቷ በሩ ሥር ያለችው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። አልተቆጡም፤ ለመቆጣትም እኮ አቅም ያስፈልጋል።

«ትንሹ መሞቱ ያሳዝነኛል» አሉ በመጨረሻ። «እኔም ሳላውቅ ስንቱን ገድያለሁ። ግን የሞተ ዛጎል ቶሎ ካልወጣ ውሃውን ይመርዘዋል። የቀሩት ሁለቱ የሚስቡት ያንን ውሃ ነው። ያን ዕለት ብትነግሪኝ ‹አውጪው› እልሽ ነበር፤ አንዲት ቃል ናት።»

እናቷ ሁሉንም ሰምታለች። መኪናውን አቆመች።

«ለኔስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደክሞሽ ነበራ።»

«ደክሞኛል። ቢሆንም እናትሽ ነኝ» አለችና አንዱን መንታ አዝላ ባልዲ አነሳች።

ከዚያ እናትና ልጅ ወረዱ፣ ወጡ፣ ወረዱ፣ ወጡ። አያቷ ወንበር ላይ ሆነው፣ ሌላውን መንታ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አዲሱን ውሃ ከጨው ጋር አማሰሉ። ፍንጭት በክር የታሰረውን ዛጎል ከአሸዋው አውጥታ ጣለች፤ የተበላሸውን ውሃ በጆግ እየቀዳች ደፋች፤ አዲሱን ቀስ በቀስ ጨመረች። ሥራው ሲያልቅ ገንዳው ሥር ወለሉ ላይ ተዘረጋች።

«አምላኬ ሆይ፣ ዋሽቻለሁ፤ ይቅር በለኝ» አለች። ሌላ ቃል ለመጨመር ጉልበት አልነበራትም። የበቃ ይመስለኛል።

በነጋታው መካከለኛውም ሞቶ ተገኘ። ፍንጭት በገዛ እጇ አወጣችው፤ ወዲያውም ለአያቷ አሳየች። አለቀሰች። እሳቸውም ጭንቅላቷን ዳበስ አደረጉ። ትልቁ ግን አልተከፈተም፤ ይኑር ይሙት አልታወቀም።

ውሃው በተቀየረ በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አያቷ በእጃቸው ጠሯት። «ነይ። ቀስ ብለሽ።»

የትልቁ ዛጎል ክዳን የጥፍር ያህል ገርበብ ብሏል። ጫፏ የምትንቀሳቀስ ቀጭን ቧንቧ ከአሸዋው ብቅ ብላለች፤ ውሃ ትስባለች። ፍንጭት አልጮኸችም፣ አልዘለለችም። ቦርሳዋን ሳታወርድ ደህናውን የአያቷን እግር ተደግፋ ተቀመጠች። እናቷም መጥታ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ሦስቱም አብረው አዩት።

ልጆች፣ ስትደክሙ «ደከመኝ» በሉ፣ ስታጠፉም ሳትደብቁ ያኔውኑ ተናገሩ፤ የተደበቀ ጥፋት የቀረውንም ደህና ነገር ያበላሻልና።