ቀይ ክር በአረንጓዴ ሱሪ

በልብስ ስፌት ቤቱ መደርደሪያ ላይ አርባ ሁለት ጥቅል ክር ነበር፤ በስድስት ረድፍ፣ በየረድፉ ሰባት። ከላይኛው ረድፍ ከግራ ሁለተኛው ቀይ ነው፤ ከሦስተኛው ረድፍ ከግራ ሁለተኛው አረንጓዴ። አዲስ ክር ሲገዛ ቦታ ቦታውን የምታስይዘው የሚጡ እናት ናት። አባቷ ሲሰፋ እጁን ወደ ኋላ ሰደድ አድርጎ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ፣ የሚፈልገውን ያነሳል። «መደርደሪያዬን የነካ ወዮለት!» ይላል ሁልጊዜ። ሚጡ ነገሩን የንጽሕና አባዜ አድርጋ ነበር የምትቆጥረው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን አሁንም ሚጡ ነች።

ቅዳሜ ከሰዓት መደርደሪያውን ነካችው።

የትምህርት ቤቱ የፎቶ ክበብ ሥራ ሰጥቷቸው ነበር፤ ከፍተኛ ንፅፅር ያለው አንድ ባለቀለም ፎቶ። የተመረጡት በመግቢያው ኮሪደር ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። ሚጡ ክበቡ ውስጥ ሁለት ዓመት ስትቆይ አንድም ፎቶ ተሰቅሎላት አያውቅም። ለዚህኛው ሥራ መጀመሪያ ያቀረበችው በስልኳ ቀለሙን እስከ ጫፍ ያደመቀችውን የአበባ ፎቶ ነበር። የክበቡ መምህር አይተው ሳቁ።

«ይሄማ ቀለሙን አስጮኽሽው እንጂ ንፅፅር አልሆነም» አሏት። «ንፅፅር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ብርሃንና ጨለማ ፊት ለፊት ሲቆሙ ነው፤ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ ብታደርጊውም አይጠፋም። ሁለተኛው ግን ያለ ቀለም የለም፤ ቀይ ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊ ከብርቱካናማ። ድምቀታቸው እኩል ቢሆን እንኳ ጎን ለጎን ስታደርጊያቸው ይፋጠጣሉ።»

ስለዚህ ሚጡ ቀዩንና አረንጓዴውን ክር አውርዳ መስኮቱ ሥር ፎቶ አነሳቻቸው። የአባቷን ኮቴ ስትሰማ በጥድፊያ መለሰቻቸው፤ አንዱን በሌላው ቦታ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ የትምህርት ቤቷን ተማሪዎች የስፖርት ሱሪ እየሰፋ ነበር። ሦስት አረንጓዴ ሱሪዎች ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። ጠርዛቸው ላይ የዞረው ስፌት ቀይ ነው።

«አባዬ፣ ፋሽን ጀመርክ እንዴ?»

«የምን ፋሽን?»

«ክሩ ነዋ!»

«ክሩ ምን ሆነ?»

የሚቀልድ መስሏት ፊቱን አየች። አልቀለደም። አንዱን ሱሪ አንስቶ ወደ መስኮቱ አስጠጋው፣ አገላበጠው፣ ስፌቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ዓይኑ ወደ መደርደሪያው ሄደ።

«ሚጡ፣ ክሬን ነክተሻል?»

ስልኳን አውጥታ ፎቶውን አሳየችው። ብዙ አየው።

«ሁለት ጥቅል ክር ነው» አለ በመጨረሻ።

ሚጡ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀየረችው። ሁለቱ ክሮች አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኑ።

«እንደዚህ ነው የሚታዩህ?»

«ኧረ ግራጫስ አይደሉም። ሁለቱም የደረቀ ቅጠል ይመስሉኛል።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «ከናትሽ በቀር የሚያውቅ የለም። ቀለም የማይለይ ልብስ ሰፊ ዘንድ ማን ጨርቁን ይዞ ይመጣል?»

ሱሪዎቹ በነጋታው ጠዋት ይወሰዳሉ። አባቷ መቀሱን እስኪያመጣ ሚጡ ስፌቱን በስልኳ አነሳችው፤ ቀጥ ያለ ቀይ መስመር በአረንጓዴ ጨርቅ ላይ። ገና ስታየው፣ ከዚህ የተሻለ ፎቶ አንስታ እንደማታውቅ ገባት።

ስፌቱን መተርተሩ ቀላል ነበር። ብጥስጣሹ ቀይ ክር ግን ጨርቁ ላይ ተጣብቆ ቀረ። አባቷ በጣቱ እየዳሰሰ አንዱን ሲያገኝ ሦስቱን ያልፋል። ሚጡ አጠገቡ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ለቀመችው።

«ዓይንሽን አውሺኝ እስቲ» አላት።

«በኪራይ ነው።»

«ስንት ነው ኪራዩ?»

«ሚጡ ማለት ታቆማለህ።»

«እሱማ አይቀመስም!»

ሲጨርሱ ክሮቹን ራሷ ወደ ቦታቸው መለሰች።

ማክሰኞ መምህሩ ስልኳ ላይ ያለውን ፎቶ አዩት። «ይሄን መሐል ላይ ነው የምሰቅለው!» አሉ። ከዚያ ጠጋ ብለው፣ «የኛ የስፖርት ሱሪ አይደል እንዴ? ማነው እንዲህ አድርጎ የሰፋው?»

ሱሪውን ማን እንደሚሰፋው ትምህርት ቤቱ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

«ቲቸር፣ እስከ ዓርብ ጊዜ አለኝ አይደል?» አለች ሚጡ።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ አባቷ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ዘርግቶ ይቆርጥ ነበር። አንገቱ ላይ የነበረው ቢጫ ሜትር ተንሸራቶ ጨርቁ ላይ ተጋደመ። ሚጡ ፎቶ አነሳችውና ስልኩን ዘረጋችለት።

መቀሱ ቆመ። «ይሄስ!» አለ። «ሜትሩ ከጨርቁ ላይ ሊዘል ነው እኮ! የክሩም ፎቶ ለናንተ እንዲህ ነው የሚታያችሁ?»

«እንዲህ ነው አባዬ።»

ስልኩን ወዲያው አልመለሰላትም።

ዓርብ መምህሩ የሜትሩን ፎቶ ተቀብለው ቅር አላቸው። «ጥሩ ነው፤ ቀዩ ስፌት ግን ይበልጠው ነበር። የመሐሉ ቦታ ያንቺ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ ቲቸር። አጥፍቼዋለሁ።»

የሜትሩ ፎቶ ከተሰቀሉት ሃያ ሦስት ፎቶዎች መካከል በግድግዳው ቀኝ ጫፍ፣ ከእሳት ማጥፊያው አጠገብ ቦታ አገኘ። በወላጆች ቀን አባቷ መጣ። የቱን ፎቶ እንዳስገባችና የት እንደተሰቀለ አልነገረችውም። በሩ ላይ ቆሞ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ቃኘና ማንንም ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ ፎቶዋ ሄደ። ሚጡ ከኋላው እየተከተለች እርምጃውን ቆጠረች። አሥራ አንድ ነበር።