በእማዬ ስም

«አጥፊው ብያለሁ» አሉ አያቷ፣ መነጽራቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየወለወሉ። «እናትሽ ሳትደርስ አጥፊው።»

ሚጢጢ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «እማማ፣ ስንት ሺህ ሰው አይቶታል እኮ።»

ነገሩ የጀመረው ጠዋት ነው። እናቷ የምትሰፋበት የልብስ ፋብሪካ ፌስቡክ ላይ ፎቶ ለጠፈ። አዲስ የተቀባች የማጥቢያ ክፍል፣ ምቹ ወንበር፣ ሕፃን ያቀፈች ሴት። ከሥሩ «እኛ ለእናቶች እንቆማለን» ይላል። ሚጢጢ ክፍሏን በወሬ ታውቃታለች። እናቷ ልብስ እያሰጣች፣ እየሳቀች ነግራታለች። ለፎቶው ሲባል ሠራተኞቹ ክፍሏን የሞሉትን የክር ካርቶኖች ተሸክመው አወጡ፤ ፎቶ አንሺው ሲሄድ ተሸክመው መለሱ። አራስ የሆነችው የሥራ ጓደኛቸው ግን አሁንም ጡቷን የምታልበው ሽንት ቤት ቆማ ነው።

ሚጢጢ ይህንኑ ከፎቶው ሥር ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ ነው ልቧ ድንግጥ ያለው። ፋብሪካው ስልክ አያስገባምና እናቷ የቤቱን ብቸኛ ስልክ ትታ ነው የምትሄደው። ገጹም የእሷ ነው። ከጽሑፉ በላይ «የሚጢጢ እናት» ይላል፤ አጠገቡ እናቷ በልጅነቷ የተነሳችው ጉርድ ፎቶ አለ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመው። አንዱ «አንበሳ እናት» ይላል። ሌላው «ተቀናቃኝ ከፍሏት ነው» ይላል። «ካልተመቻት ትውጣ፣ ስንቱ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል» የሚልም አለ። ሬዲዮ የሚሏት የክፍሏ ልጅ ደግሞ ድምፅ ልካለች፤ «አንቺ፣ ቫይራል ሆንሽ እኮ። እንዳታጠፊው፣ ፋራ አትሁኚ።»

«የሬዲዮ እናት የራሷ ሱቅ አላት» አሉ አያቷ። «በሰው ክንድ የዘንዶ ጉድጓድ ይለካል። የእኛ እንጀራ ግን ያቺው የስፌት መኪና ናት። አንቺ ልጅ፣ ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም።»

ሚጢጢ ጣቷን «አጥፋ» ወደሚለው አስጠጋች። ብታጠፋው እናቷ ዋሽታ የሸሸች ትመስላለች። ብትተወው ደግሞ ከሥራ ትባረር ይሆናል። ሁለቱም በእናቷ ስም ነው። እናቷ ግን የምታውቀው ነገር የለም።

የግቢው በር ተንቋቋ። እናቷ ፀጉሯ ላይ ብጣሽ ክር እንደተጣበቀ ገባችና የቤቱ በር ሥር ተቀምጣ ጫማዋን መፍታት ጀመረች።

«የዛሬውን ጉድ አልሰማችሁ» አለች እየሳቀች። «ካርቶኖቹን እንደገና አውጡ ተባልን። አራሷን ክፍሉ ውስጥ አስቀመጧት። እሷማ ፎቶ አንሺው የት አለ ብላ ፀጉሯን ስታስተካክል ነበር።»

ሚጢጢ በደስታ ልትዘል ምንም አልቀራት።

«አለቃው ግን ምን እንደነካው እንጃ» አለች እናቷ። «ስልኩን እያየ፣ ፊታችንን እያየ በመኪኖቹ መሃል ሲመላለስ ዋለ።»

አያቷ ሚጢጢን በዓይናቸው ጠቀሷት። ዝም በይ ማለታቸው ነው። «በይ እጅሽን ታጠቢና እህል ቅመሺ» አሉ ለልጃቸው፣ ቸኩለው።

ሚጢጢ ተነስታ እናቷ አጠገብ፣ በሩ ሥር ተቀመጠች።

«እማዬ፣ መጀመሪያ ይቺን አንብቢ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ግን ያንቺ ስም ነው ያለበት። ይጥፋም ካልሽ፣ ይቆይም ካልሽ አንቺ ወስኚ።»

እናቷ መዳፏን በቀሚሷ ጠርጋ ስልኩን ተቀበለች። አራቀችው፣ መልሳ አቀረበችው። ቀኑን ሙሉ መርፌ ላይ የዋለ ዓይኗ እምቢ አላት።

አያቷ ትንሽ አጉረመረሙ። ከዚያ ሲወለውሉት የቆዩትን መነጽር ለልጃቸው አቀበሉ።